ፊቱን የነጨው ሰው

ጥቅምት ፭፣ አቦ። ጠዋት።

ገብስ እየለቀምሁ ነው። ለተዝካሩ ጠላ። የአምና ገብስ ነው፣ አየነው የወቃው። ጠጠሩ ብዙ። ልጄ ሥራ ላይ ችኩል ነበር፤ አውድማውን በደንብ ሳይጠርግ ነው በሬ ያስገባበት። ያኔ ተቆጥቼው ነበር። አሁን ጠጠሩን አንድ በአንድ አወጣለሁ፣ ከደጃፉ እጥለዋለሁ።

ብራናዬ፣ ክረምቱን ሙሉ አልነካሁሽም። ቀለሙ ደርቆ ነበር፤ በውኃ አሸሁት። እጄም ደርቋል። ፊደሉ ይንገዳገዳል።

መርዶው ከመስቀል በኋላ መጣ። አየነው በቆላ፣ በዘመቻ ሰፈር፣ በንዳድ ሞተ አሉ። እዚያው ቀበሩት። የሞተበትን ቀን የሚያውቅ የለም፤ አርባውን የምንቆጥረው ከመርዶው ነው። ሬሳ ስላልነበረ ጋሻውንና ኩታውን በቅሎው ላይ አድርገው ሜዳውን አዞሩት። አልቃሿ ገጠመች፣ አገር አለቀሰ። እኔ የበቅሎው ኮርቻ መታጠቂያ ላልቶ አየሁ። ጋሻው ይወድቃል ብዬ አሰብሁ። ሌላ ያሰብሁት አላስታውስም።

አላለቀስሁም። ስንዱ፣ የባሌ ወንድም የአያ ወርቁ ሚስት፣ ለሴቶቹ ስትናገር ሰማሁ። ዓይኗ እንደ ጥቅምት ጭቃ ተሰነጠቀ እንጂ አልረጠበም አለች። እውነቷን ነው።

ከጋፋት በኩል የብረት ሠሪዎቹ መዶሻ ይሰማል። ሰው ይገባል፣ እግዜር ያጥናሽ ይላል። አሜን እላለሁ። ይወጣል።

ጥቅምት ፯፣ ሥላሴ። ከቀትር በኋላ።

ልጻፈው ቶሎ፣ ሳይጠፋብኝ።

ከታች ከወንዙ ጩኸት መጣ። ሩቅ ያለ ለቀስተኛ ነው አልን፤ ዘግይቶ የደረሰ ከታች ጀምሮ እየጮኸ ነው የሚወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፉ። ሰውየው ልጄን፣ ልጄን ይላል። ሽማግሌ ነው፣ ነጭ ጢም። ደጃፉን ሲያልፍ ፊቱ ታየን፤ ግንባሩንና ጉንጩን ነጭቶታል። ደሙ ጢሙ ላይ ደርቋል።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለባዕድ ዋይ ዋይ ማለት ይበቃል። ፊቱን የሚነጨው ሥጋ ነው፤ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት። ይህን የማያውቅ የለም።

መጥቶ ፊቴ ቆመ። አንጓች አለኝ። እንዲሁ፣ ስሜን ብቻ። እዚህ ቤት ከተዳርሁ ጀምሮ ስሜን ብቻ የጠራኝ ባሌ ተሰማ ነው፤ እሱም ከሞተ ዓመታት አለፉ። ስንዱ አጠገቤ ነበረች።

ውኃ ሰጠሁት። ፊቱን ታጠበ። ተቀመጠ። ጠላ አልቀመሰም። ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ተመልሶ ሄደ፣ ወደ ወንዛዬ መንገድ። ከእኔ ጋር ሌላ ቃል አልተናገረም።

ማን ናቸው ብላ እናንየ ጠየቀችኝ፤ የአየነው ሚስት ናት። የኔታ ክንፉ ናቸው፣ ባልሽን በልጅነቱ ያስተማሩት አልኋት። እውነት ነው። ሌላም ነው። ሌላውን ጽፌው አላውቅም።

ጥቅምት ፰።

እጽፈዋለሁ።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበር፣ በእብናት በኩል። ቤታችን የፍየል ቆዳ ይሸት ነበር። ቆዳው በወንዝ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይደርቃል፣ ብራና ይሆናል። ተማሪዎች እጅ ጽሕፈት ሊማሩ ይመጡ ነበር። ለምነው የሚበሉ፣ ደበሎ የለበሱ። ክንፉ ከነሱ አንዱ ነው። አገሩ ሩቅ፣ ዘመዱ የማይታወቅ።

ውጥር ቆዳ አንድ ሰው አይበቃውም። ወንድም አልነበረኝም፤ አባቴ አንዱን ጠርዝ እኔን ያስይዘኝ ነበር። ሌላውን ክ. ይይዛል። ቆዳው መሐላችን። መጀመሪያ ያየሁት ከቆዳው በታች እግሩን ነው።

ከብራናው ዳር ተቆርጦ የሚጣለውን ጥራጊ ይሰበስብልኝ ጀመር። በሱ ፊደል አስተማረኝ። ሀሁን በወንዙ ዳር፣ ቆዳ ስንዘፈዝፍ፣ ድንጋይ ስንጭንበት። ለሴት ልጅ ጽሕፈት ምኗ ነው ይባል ነበር። እሱ አላለም። ብዕሩን ስይዝ እጄን በእጁ ይዞ ይመራው ነበር። ከዚያ ፊደሉ ሲያልቅም እጄን አልለቀቀም። አልነጠቅሁትም።

ሁለት ክረምት። ማንም አላወቀ። የቀረው የእኔ ነው፣ ለአንቺም አልነግርሽም፣ ብራናዬ።

አባቴ ምን እንዳየ አላውቅም። አንድ ቀን ለክ. የእጅ ጽሕፈትህ በቅቷል፣ ቅኔ ይቀርሃል፣ ወደ ጎጃም ተሻገር አለው። መረቀው። ተማሪ ሂድ ሲባል ይሄዳል። እኔን ለተሰማ ሰጡኝ። ደግ ባል ነበር። አየነው የተወለደ ከሠርጌ በሁለተኛው ዓመት ነው። የተሰማ ልጅ ነው። በዚህ ቅንጣት ጥርጥር የለም።

አየነው ለትምህርት ሲደርስ ክ. ወንዛዬ አጠገብ ተማሪ እንደሚያስተምር ከሐሙሲት ገበያ የመጣ ሰው ነገረን። ለተሰማ ጥሩ መምህር ነው ይባላል አልሁት። ላከው። እኔ አንድ ቀን አልሄድሁም። ስንቁን ሰው ይወስድ ነበር።

ልጄ ሲመለስ ጉሮሮውን የሚጠርገው እንደ ክ. ነው። ሲሄድ እጁን ከኋላው ያጣምራል፣ እንደ ክ.። ተማሪ መምህሩን ይመስላል፤ ከአንድ ገበታ በልቶ፣ ከአንድ ቆዳ ላይ ተኝቶ አድጎ። አይቼ ዝም እል ነበር። ደስ ይለኝ ነበር። ያን ጊዜ ደስ የሚል ነገር ነበር።

ጥቅምት ፲፪፣ ሚካኤል።

አያ ወርቁ መጣ። ስንዱም። ተቀመጡ አልሁ፤ እሱ ቆሞ ቀረ። የመጣበትን ከመናገሩ በፊት ስለ በቅሎው እግር ጠየቀኝ፣ ስለ ገብሱ ጠየቀኝ።

ከዚያ መጣ። ደም ደምን ያለቅሳል አለ። ያ ደብተራ ለምን ፊቱን ነጨ? ለምን በስምሽ ጠራሽ?

አስተማሪው ነው አልሁት።

ስንዱ ጣልቃ ገባች። «እኔም አስተማሪ ሞቶብኛል፣ እትየ። ፊቴን እዩት እስቲ፣ ጭረት አለበት?»

«አንቺ መች ተምረሽ ታውቂና!» አላት ባሏ። ሳልፈልግ ሳቅሁ ማለት ይቻላል። ከንፈሬ ተነቃነቀ።

ስንዱ አልተወችም። የአየነው አካሄዱም፣ እጅ ማጣመሩም የዚያ ሰውዬ ነበር አለች። ልጅ ሳለ አያ ተሰማ እንዲህ አይሄዱም፣ ከማን አየው እል ነበር አለች። የማየው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። የወንዝ ዳሩ መሬት የተሰማ ርስት ነው። ከአየነው ወደ ልጁ ወደ ታከለ ይወርዳል፤ ሕፃኑ ገና ዳዴ ይላል። አየነው የተሰማ ደም ካልሆነ መሬቱ ወደ አያ ወርቁ ይዞራል። እናንየም ልጇን አዝላ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ እዚያ ደግሞ ሦስት ወንድም በአንዲት ማሳ ይጣላል።

አያ ወርቁ ለጭቃ ሹሙ ነግሯል። ለማርያም፣ በ፳፩፣ ከሽማግሌ ፊት በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እምላለሁ። የምምለውን እሱ አበጅቶታል። አየነው የተሰማ ልጅ ነው፤ ከተሰማም በቀር በአካሌም በልቤም ወንድ አላውቅም። ሁለቱንም ካልሁ መሬቱ የልጁ።

አንዱን እምላለሁ። ሁለተኛው ሐሰት ነው።

ይህን ስጽፍ ልቤ ይመታል ብዬ ደረቴን ነካሁት። እንደ ወትሮው ነው።

ጥቅምት ፲፫።

እናንየ ሽሮ እየፈጨች ወፍጮው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ልጄ ሜዳ ላይ ሊወድቅ ነው አለች። «እሜቴ፣ ይማላሉ አይደል? ይማላሉ?» እምላለሁ አልሁ። ምኑን እንደምምል አልጠየቀችኝም።

የንስሐ አባቴ አባ ተክሌ ዘንድ ሄድሁ። የምችለውን ያህል ነገርኋቸው። ጆሯቸውን እያከኩ ሰሙ።

ማዪ አሉኝ። ልብሽን ማን ገብቶ አየው? ማዪና ነይ፤ ጾሙንና ስግደቱን እኔ አውቅበታለሁ።

በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በሐሰት? አልሁ።

«ታዲያ በገበያ ልትምዪ ኖሯል? ሕፃኑን እይው እንጂ፣ አንቺ ሴት! ከአርባ ዓመት በፊት የተቃጠለ ጢስ ለማን ይሸተዋል?»

ደግ ሰው ናቸው። ልጁን ማሰባቸው ነው። እጃቸውን ተሳልሜ ወጣሁ። መንገድ ላይ የመስቀል አበባ ጠውልጎ ነበር። ቢጫነቱ አላለቀም።

ጥቅምት ፲፮፣ ኪዳነ ምሕረት።

ጉልበቴን ያመኛል ብዬ በበቅሎ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረድሁ። ውሸት አይደለም፣ ያመኛል። እናንየ ሕፃኑን አዝላ አብራ መጣች፤ ብቻዬን እንዳልሄድ ብላ። ሰው በየጥጉ ተዘፍዝፏል፤ የታመመ፣ ያረጀ፣ መካን። እናንየ ልጁን ልታጥብ ወደ ሴቶቹ ሄደች።

ለክ. መልእክት ልኬ ነበር። ወረደ። ፊቱ ላይ ቅርፊት ይዟል። ከድንጋዩ ማዶ ተቀመጠ፣ እግሩን ውኃው ውስጥ ጨመረ። እኔም ጨመርሁ። ይፈጃል።

ጉልበትሽ ነው? አለኝ።

«ጉልበቴ ነው፣ የኔታ። እርስዎስ ፊትዎን ሊታጠቡ ነው?»

ሳቀ። ቅርፊቱ ተሰነጠቀና ደማ። በኩታው ጫፍ ጠረገው። ስቆ ሲያበቃ ፊቱ ጠቆረ።

የመጣብንን ነገርሁት። ሲሰማ እግሩን ከውኃው አላወጣም። ከዚያ እኔ ልምጣና ልማል አለ። አላውቃትም እላለሁ አለ።

በስሜ ጠርተኸኝ? አልሁት። አንተ አልሁት። ሳላስበው ነው። እሱም ሰማው። ቀና ብሎ አየኝ። በሐሰት ቢምልና ቢታወቅ ተማሪዎቹ ይበተናሉ። የሐሰት መሐላ አገር ያጠፋል ብሎ የሚያስተምር እሱ ነው። ተወው አልሁት።

ፊትህን ለምን ነጨህ ብዬ ጠየቅሁት። አላውቅም አለ። መርዶውን ሲሰማ ተማሪ ፊት ተቀምጦ ነበር። እጁ ነው ያደረገው፣ እሱ ኋላ ደሙን ሲያይ ነው ያወቀ።

ከዚያ ሌላ ነገር አለ። አየነው እሱ ዘንድ ሳለ፣ እናትህ ትጽፋለች ወይ ብሎ አንድ ቀን ጠይቆት ነበር። ልጄ ሳቀ አለ። «እናቴ? እናቴ ፊደል አታውቅም፣ የኔታ» አለው። ክ. አላረመውም። የእኔን ምስጢር መጠበቁ ነበር።

ከተሰማ ደበቅሁ፣ ከሰፈር ደበቅሁ። ማን አስተማረሽ እንዳይሉኝ። ልጄ ፊት ግን አንድ ቀን ብዕር ሳልይዝ ኖርሁ። ብራና ላይ ተደፍቶ ሲጽፍ አጠገቡ ጥጥ እፈትል ነበር። አንዳንዴ ሲሳሳት አየው ነበር። አይቼ እንዝርቴን አሽከረክር ነበር። ልጄ እኔን ሳያውቅ ሞተ።

ይህን ክ. አላወቀም። እንዲሁ ነው የነገረኝ፣ እንደ ጨዋታ።

እናንየ ልጁን ጠቅልላ መጣች። ለየኔታ እጅ ነሣች። ልጁ ጢሙን ሊይዝ ተንጠራራ። ሁለታችንንም አየችን። እግራችንን ውኃ ውስጥ። ፊቷን አዞረች።

እዚያው አድረን ተመለስን።

ጥቅምት ፲፱፣ ገብርኤል።

ጌሾ ወቀጥሁ። ስንዱ ሰው ልካ ወንፊቷን አስመለሰች።

ምንም።

ጥቅምት ፳፩፣ ማርያም። ከሰዓት።

ሆነ።

ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር። ጭቃ ሹሙ በዱላው ተደግፎ። ሰው ብዙ፣ የማርያም ቀን ነውና። አያ ወርቁ ኩታውን አደግድጎ፣ ስንዱ ከሴቶቹ ፊት። አባ ተክሌ ደጃፉ ላይ በዓይናቸው ቶሎ በይ ይሉኛል።

ደጃፉን ያዝሁ። እንጨቱ ቀዝቃዛ ነው። አየነው የተሰማ ልጅ ነው፤ ይህ ሐሰት ከሆነ እዚህ ያለችው ታቦት ትፍረድብኝ አልሁ። ድምፄ ጥሩ ነበር።

አያ ወርቁ፣ «ቀሪውስ?»

ቀሪውን አልምልም አልሁ።

ጫጫታ። እናንየ ከኋላዬ እሜቴ፣ እሜቴ ስትል ይሰማኛል። አባ ተክሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ቀሪው እውነት ስላልሆነ አልምልም አልሁ። ሳልዳር፣ ባባቴ ቤት ሳለሁ፣ ያን ሰው ወድጄው ነበር። ፊደል ያስተማረኝ እሱ ነው። አዎን፣ እጽፋለሁ። ከተዳርሁ በኋላ መጀመሪያ ዓይኑን ያየሁት በአየነው ለቅሶ ነው። ልጄን እንዲያስተምርልኝ የላክሁት ግን እኔ ነኝ፤ አካሄዱን ከሱ ያመጣው በትምህርት ነው እንጂ በደም አይደለም። ከዚህ ሌላ የምለው የለም።

እኔ እንዲህ ብዙ ተናግሬ አላውቅም።

ትልቁ ሽማግሌ አገጫቸውን ይዘው ቆዩ። ሠርጌ መቼ እንደነበር ጠየቁ። የሠርጉን ዓመት የሚያስታውስ ብዙ ነው፤ አንበጣ የወረደበት ዓመት ነው። አየነው ክርስትና የተነሣው ከዚያ ወዲያ ሁለተኛው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ያ ሰውዬ ጎጃም የተሻገረው ግን ከሠርጉ በፊት ነው፤ ከአባቴ ደብር የመጡ አንድ ቄስ እዚያው ነበሩና አዎን አሉ።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ አያ ወርቁ ዞሩ። «ወርቁ፣ አየነው የተወለደ ለት ብርሌ ይዘህ ደጅ የወጣኸው አንተ አይደለህም? አፍንጫው የአባቴ፣ ግንባሩ የአባቴ ብለህ ጎረቤት ያስነሣኸው?»

ያን ለት ሰክሬ ነበር አለ።

«ዛሬስ ምን ጠጥተህ ነው?»

ሰው ሳቀ። ጭቃ ሹሙም ሳቀ። መሬቱ የታከለ ነው አሉ። ለልቧ መሐላ አንጠይቅም አሉ፤ እሱ የንስሐ አባቷ ነገር ነው።

መሬቱ ዳነ። ይህን ልጻፈው እንደገና። መሬቱ ዳነ።

ስወጣ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁልኝ። ከአክብሮት አይደለም። አንዷ የቀሚሷን ጫፍ ሰበሰበች፣ እንዳልነካት። ስንዱ ከኋላዬ፣ «ለልጇ ያጣችውን እንባ ለደብተራዋ አጠራቅማ ኖሯል!» አለች። ሰው እንዲሰማ ነው የተናገረችው። ሰማ።

እናንየ ቀድማኝ ወደ ቤት ሄደች። ዘወር ብላ አላየችኝም።

ጥቅምት ፳፫፣ ጊዮርጊስ።

አባ ተክሌ መጡ። አልተቆጡም፣ ተክዘው ነው። አሁን የሚያምርብሽ ከተዝካሩ በኋላ ቆብ ደፍተሽ መመንኮስ ነው አሉኝ፤ ወሬውም ይበርዳል። አስብበታለሁ አልሁ። አላሰብሁበትም።

ሌላም አሉ። አያ ወርቁ ቃል ልኮባቸዋል። ያ ሰው ለተዝካሩ ከመጣ የወርቁ ቤት አይመጣም፤ ለሟች ውርደት ነው ብሏል። አባ ተክሌም አትጥሪው ይላሉ። ጸሎቱን በሩቅ ሆኖ ያድርስ፤ እግዜር ሩቅ አይደለም።

እናንየ ከማርያም ወዲህ ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም። ምሳ ታቀርባለች፣ ታነሣለች። ታከለን ግን አልከለከለችኝም። እጁን ጭኔ ላይ አድርጎ ይቆማል፣ ይወድቃል፣ ይቆማል።

ጥቅምት ፳፬፣ ተክለ ሃይማኖት። ጠዋት።

ጠላው ተጠንስሷል። የሚታረደው በሬ ተለይቷል። ድንኳን የለንም፤ ዳስ ይጣላል።

አንድ ነገር አሰብሁ፣ ከነጋ ጀምሮ። ለልጄ ካለቀሱት ሁሉ ማን ሳይጠየቅ አለቀሰ? እኔ እናቱ አልቻልሁም። አሁንም አልቻልሁም። እንባው ይመጣ ይሆናል፣ አልጠብቀውም። ክንፉ ግን ጠዋት ፊደል ሲያስቆጥርለት፣ ማታ ሲያበላው፣ ሲያመው ሲያስታምመው ኖሯል። እኔ ስንቅ በሰው እጅ የላክሁለትን ዓመታት እሱ ከጎኑ ነበር። ይህን ሰው ከልጄ ተዝካር በሩቅ ቁም ልበለው?

አልለውም።

ሰው ጠርቼ ወደ ወንዛዬ ላክሁ። ለተዝካሩ ይምጡ፣ ከነተማሪዎቻቸው፣ እናቱ ጠርታዎታለች በል አልሁት። ለአያ ወርቁም ላክሁ። ቤቱ ቤትህ ነው፣ ና፤ እሱ ግን ይመጣል። የሚሆነው ይሆናል። ለአባ ተክሌ ስለ ቆቡ እንቢ ብላለች በል አልሁት። ጊዜው ሲደርስ እጠይቃለሁ፤ ወሬ ለማብረድ ግን አልመነኩስም።

መልእክተኛው ከወጣ በኋላ እናንየ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉን ሰምታለች። ትሄዳለች ብዬ ነበር። አልሄደችም።

«እሜቴ፣ የት ነው የምናስቀምጣቸው?»

ከማርያም ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ከዘመድ ጋር አልኋት። የቱ ዘመድ? አለች። የወርቁ ወገን ከመጡ አጠገባቸው አይሆንም፣ ይጣላሉ። ከቄሶቹ ጋር እንዳይሆን አባ ተክሌ ይቀየማሉ።

ከእኔ ጎን አልኋት።

ወደ ውስጥ ገባች፣ መደቡን በክንዷ ትለካ ጀመር። እርስዎና እኔ፣ ልጁ፣ እሳቸው። መደቡ ጠባብ ነው እሜቴ አለች።

እንጠጋጋለን አልሁ።